የመንገድ መዘጋትን በመሣሪያ ስለ ማወቅ

አንድ ካሚዮን በመንገድ መካከል ሲገለበጥ ነጋዴውን የሚጎዳው አደጋው ብቻ አይደለም፤ የመንገዱ መዘጋት እስኪታወቅ ድረስ በከንቱ የሚያልፈውም ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ውስጥ ሌሎች ካሚዮኖች ጭነታቸውን ይዘው ወደ ተዘጋው ስፍራ መጓዛቸውን አያቋርጡምና።

ይህን ሰዓት ለማሳጠር በአሜሪካ በካሊፎርኒያ በ1970ዎቹ (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) የታወቀ አንድ ዘዴ አለ። በአስፋልቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቀለበት በየተወሰነ ርቀት ይቀበራል፤ መኪና በላዩ ሲያልፍ በሽቦው ያለው ኤሌክትሪክ ስለሚለወጥ፣ ቀለበቱ ምን ያህል ጊዜ በመኪና ተሸፍኖ እንደቆየ ይታወቃል። በሁለት ቀለበቶች መካከል አደጋ ሲደርስ ከአደጋው በስተኋላ ያለው በተሰለፉ መኪናዎች ይሸፈናል፤ በስተፊት ያለው ግን ባዶውን ይቀራል። ኮምፒውተሩም ሁለቱን እያመዛዘነ፣ ልዩነቱ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ያስጠነቅቃል።

በከተማ ውስጥ ግን ነገሩ ይህን ያህል የቀና አይደለም። የትራፊክ መብራት ያለ አንዳች አደጋ መኪናን ያስቆማል። በጎንደርም ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ባጃጅ ተሳፋሪ ለማንሣት ይቆማል፤ በቅዳሜ ገበያ አካባቢ ካሚዮን ጭነቱን ያራግፋል፤ በግ ነጂው ገበሬም በሽቦ ቀለበት አይቆጠርም። መሣሪያው ይህን ሁሉ አደጋ ነው እያለ ቢጮኽ በሦስተኛው ቀን የሚሰማው አይገኝም።

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የሊማሊሞ መንገድ ደግሞ ሌላ ችግር አለው። አላፊው መኪና እንደ ከተማው ብዙ ስላልሆነ፣ ሰልፉ ቀለበቱን እስኪሸፍን ድረስ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። እዚህ የሚሻለው መኪናውን ራሱን መከታተል ነው። በካሚዮኑ ላይ የተተከለ የጂፒኤስ መሣሪያ በሳተላይት ምልክት ያለበትን ስፍራ ለይቶ በስልክ መሥመር ለባለንብረቱ ያስታውቃል። አንድ መኪና ቢቆም ሾፌሩ ፍሬኑን እያቀዘቀዘ ይሆናል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው በዚያው ጥምዝ ላይ ከቆሙ ግን መንገዱ ተዘግቷል ብሎ መገመት ይገባል። ተራራው የስልኩን ምልክት ሲጋርድ መሣሪያው ዝም ስለሚል፣ ዝምታውን እንደ አደጋ መቁጠር ስሕተት ነው።

ሆኖም ሦስቱ ካሚዮኖች የሦስት ነጋዴዎች ከሆኑ እያንዳንዱ የሚያየው የራሱን መኪና መቆም ብቻ ነው። ተወዳዳሪዎች የጭነታቸውን ጉዞ እርስ በርሳቸው ለመግለጽ ስለሚያመነቱ፣ ወሬውን የሚሰበስብ ሌላ ወገን ያስፈልጋል፤ ለእርሱም ስምና ጭነት ሳይገለጽ ስፍራና ሰዓት ብቻ ማስታወቅ ይበቃል። ወሬው በጊዜ ከደረሰ ተከታዩ ካሚዮን ቁልቁለቱን ሳይጀምር ደባርቅ ላይ ይቆያል፤ ከጀመረ በኋላ ግን በጥምዙ ላይ ለመዞር እጅግ ይቸግረዋል።