ተርኪው በጾም ሲመጣ

«እማዬ፣ አንቺ ለምንድን ነው የማታመሰግኚው?»

ጠያቂዋ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ሜሪላንድ የተወለደች፣ ያኔ 6 ዓመት የሆናት። ቀኑ የታንክስጊቪንግ ሐሙስ ነበር፤ በእኛ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 28፣ 2024። ተርኪው ገበታው መሐል ተቀምጧል። አክስቴ ራሷ በሌሊት ተነሥታ ቅመሙን አሽታ የጠበሰችው ነው። ለሁሉም ቆርሳ ካዳረሰች በኋላ ግን ለራሷ እንጀራ ዘርግታ ምስርና ጎመን አወጣችበት። ለልጅቱ ነገሩ ግልጽ ነው። የምስጋና ቀን የሚከበረው ተርኪ በመብላት ነው፤ እናቷ አልበላችም፤ ስለዚህ አላመሰገነችም። አክስቴ «ጾም ነው፣ የኔ እናት» አለቻትና ወሬው ወደ ሌላ ሄደ።

መልሱ እውነት ነው፤ ግን አይበቃም። ውጭ ያደጋችሁ ብዙዎቻችሁ በዚያች አጭር መልስ ብቻ ነው ያደጋችሁት። ይህን የምጽፈው የቀረውን ለመናገር ነው።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከቀን አቆጣጠሩ ነው። ታንክስጊቪንግ የኖቬምበር 4ኛው ሐሙስ በመሆኑ ከ22 እስከ 28 ባሉት ቀናት ይውላል። ጾመ ነቢያት፣ በተለምዶ የገና ጾም የምንለው፣ ሁልጊዜ ኅዳር 15 ይገባል፤ ይህም በአብዛኛው ኖቬምበር 24 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ደግሞ 25 ይሆናል። እናም በዓሉ አንዳንዴ ከጾሙ በፊት፣ አንዳንዴ ጾሙ ውስጥ ይወድቃል። በ2015 ዓ.ም. ልክ በጾሙ መግቢያ ቀን ዋለ። በ2016 ጾሙ ሊገባ 2 ቀን ሲቀረው ነበርና አክስቴ ያን ዓመት ከተርኪው በልታለች። በ2017 እና በ2018 ጾሙ ውስጥ ገባ። ይህን ስሌት የነገረው የሌለ ልጅ፣ እናቱ አምና የበላችውን ዘንድሮ ስትተው ቢያይ፣ ተቆጥታ ወይም ቅር ብሏት ይመስለዋል። ካናዳ ያላችሁ በዚህ አትቸገሩም፤ የእናንተ የምስጋና ቀን በኦክቶበር 2ኛ ሰኞ የሚውል በመሆኑ የሚገጥመው ከጽጌ ጾም ጋር ነው፤ እሱ ደግሞ የፈቃድ ጾም ነው፣ የወደደ የሚጾመው።

ጾመ ነቢያት ግን የፈቃድ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያናችን 7 የዐዋጅ አጽዋማት አንዱ ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይበላም፤ የሚችሉ እስከ 9 ሰዓት ምግብ አይቀምሱም። አባቶች ሲቆጥሩት 40ው ቀን ነቢያት የክርስቶስን መወለድ እየናፈቁ የጾሙት መታሰቢያ ነው። 3ቱ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በሊቀ ጳጳሱ በአብርሃም ሶርያዊ ዘመን፣ ካይሮ አጠገብ ያለው የሙቀጠም ተራራ በጸሎት የተነሣበት መታሰቢያ ነው። 1ዱ ደግሞ የገና ዋዜማ ገሃድ ነው። ድምሩ 44 ቀን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ይህ የናፍቆት ጾም ነው። ያልመጣውን ይመጣል ብሎ መጠበቅ ነው። ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው ይህ ስሜት እንግዳ አይደለም፤ ብዙ እናቶች ሌላውን ጾም ሲያላሉ ይህን አጥብቀው የሚይዙት ለዚህ ይመስለኛል።

ታንክስጊቪንግስ ምንድን ነው? መንግሥት ያወጀው፣ ቅዱስ የማይታሰብበት፣ የማንንም ሃይማኖት የማይጠይቅ ስለሆነ ዓለማዊ በዓል እንለዋለን። ሥሩ ግን ጸሎት ውስጥ ነው። በ1621 እ.ኤ.አ. ፕሊመዝ ላይ እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች አዝመራቸውን ሰብስበው፣ የአገሬው ተወላጆች ከሆኑ ወደ 90 የዋምፓኖአግ ሰዎች ጋር 3 ቀን አብረው በሉ። ከእነሱ ቀጥለው ማሳቹሴትስን የያዙት ፒዩሪታኖች እንደ እኛ በቀን መቁጠሪያ የተወሰነ በዓል አልነበራቸውም። ገናን እንኳ አያከብሩም ነበር፤ ከ1659 እስከ 1681 ማክበሩ በገንዘብ ያስቀጣ ነበር። እነሱ የሚያውጁት ሁለት ዓይነት ቀን ነበር፤ መከር ሲያምር የምስጋና ቀን፣ ድርቅ ወይም በሽታ ሲመጣ የጾም ቀን። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከንም በ1863፣ በእርስ በርሱ ጦርነት መካከል፣ ሁለቱንም አውጇል። ኤፕሪል 30 ብሔራዊ የጾምና የጸሎት ቀን ሆነ፤ የኖቬምበር የመጨረሻው ሐሙስ ደግሞ የምስጋና ቀን። ኮንግረስ በ1941 ወደ 4ኛው ሐሙስ አዛውሮ ያጸናው ይህንኑ ነው። የጾሙ ቀን ተረሳ፣ የግብዣው ቀረ። አክስቴ ሳታውቀው የተረሳውን ግማሽ ይዛ ነው ወደ ገበታው የምትቀርበው።

የበዓሉን ሌላ ገጽም ማወቅ ይገባችኋል። ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገሬው ተወላጆችና ወዳጆቻቸው በዚያው ቀን ፕሊመዝ ላይ እየተሰበሰቡ የሐዘን ቀን ያደርጉታል፤ ምድራቸውና ወገናቸው የጠፋበት ታሪክ ነውና። ክርስቲያን በሰው ሐዘን ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ማመስገን አይችልም። ይህን ማሰብ ምስጋናውን ያጠራዋል እንጂ አያጠፋውም።

ወደ እምነቱ ጥያቄ እንምጣ። እንዲህ ባለ በዓል መካፈል ይገባል? እኔ ይገባል እላለሁ፤ መነሻዬም ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች ናቸው። በባቢሎን ቤተ መንግሥት ተምረዋል፣ ሥራ ይዘዋል፣ በአገሩ ስም ተጠርተዋል። ከንጉሡ ማዕድ ሥጋና ወይን ሲቀርብላቸው ግን ጥራጥሬና ውኃ ለመኑ። ሦስቱም ለጣዖት ስገዱ ሲባሉ እምቢ አሉ። እንግዲህ በባዕድ አገር መኖርና መሥራት፣ ማዕድን መምረጥ፣ ለሌላ አምላክ መስገድ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ታንክስጊቪንግ ላይ ማንም ለማንም አይሰግድም። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስና ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ይህንኑ ነበር የሚያስተካክለው፤ የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላው የሚበላውን እንዳይፈርድበት። ተርኪው ርኩስ ሆኖ አይደለም የሚተወው። ገና ሲፈታ ቢቀርብላት አክስቴ ደስ ብሏት ትበላዋለች። ወንጌላውያን ወገኖቻችን የዐዋጅ ጾም ስለሌላቸው በምግቡ አይቸገሩም፤ ቀኑ ለእነሱ ቤተሰብ የሚሰበሰብበት፣ ዘምረው ጸልየው የሚበሉበት ነው። ከሁለቱም ወገን የሆነ ቤተሰብ በአንድ ገበታ ሲቀመጥ የጳውሎስ ምክር የበለጠ ያስፈልጋል።

በዓልን በጾም ማክበር ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገርም አይደለም። የዐድዋ ድል በዓል የካቲት 23 ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። ድሉ የተገኘበት የ1888 ዓ.ም. የካቲትም ጾም ነበር። ፉከራው፣ ቀረርቶው፣ ባንዲራው ሁሉ አለ፤ ገበታው ላይ ያለው ግን ሽሮ ነው። ዐድዋን ቅቤ ስላልተበላበት አላከበርነውም የሚል ሰው አላየሁም።

ምስጋናን በተመለከተ ደግሞ ከማንም የምንበደረው የለም። አኰቴት በግዕዝ ምስጋና ማለት ነው፤ የቅዳሴያችን እምብርትም አኰቴተ ቁርባን ይባላል። ላሊበላ አጠገብ በዋሻ ውስጥ ያለችው ቤተ ክርስቲያን በስሙ የምትጠራው የዛጉዌ ንጉሥ ነአኵቶ ለአብ፣ ስሙ «አብን እናመስግነው» ማለት ነው። ምስጋናን ለንጉሥ ስም አድርጎ የሚያወጣ ሕዝብ ልጆች ናችሁ።

እንግዲህ እንዴት? ከተጠራችሁ ሂዱ። ጾማችሁን አስቀድማችሁ ለጠራችሁ ሰው በለሰለሰ ቃል ንገሩት፤ ገበታው ላይ ደርሶ ሳህን መግፋት ደጋሹን ያሳፍራል። ክርስቶስ የሚጾም ሰው ፊቱን እንዲታጠብ፣ ራሱን እንዲቀባ ነው ያስተማረው፤ ስለዚህ ተክዛችሁ አትቀመጡ። የዱባ ፓይ እንቁላልና ወተት አለበት፤ የተፈጨው ድንች ቅቤ፣ ስተፊንጉ ብዙ ጊዜ የሥጋ መረቅ ይገባበታል። ክራንቤሪው ግን ፍሬና ስኳር ነው። ባዶ እጃችሁንም አትሂዱ፤ አንድ ትሪ በያይነቱ ይዛችሁ ሂዱ። የታመመ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም ሌላ ችግር ያለበት ደግሞ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፤ እነሱ ሰውየውን አይተው ነው የሚመልሱት።

ያ ትሪ አንድ ነገር አሳስቦኛል። በርበሬው ከየት መጣ? ከአሜሪካ ምድር። ዱባውም፣ ድንቹም፣ ፎሶሊያውም፣ ቲማቲሙም እንዲሁ። የአገሬው ተወላጆች በብዙ ሺህ ዓመታት ያለመዷቸው ተክሎች ናቸው፤ ባሕር ተሻግረው ወደ እኛ የደረሱት ባለፉት ጥቂት መቶ ዓመታት ነው፤ ድንች የገባው ገና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። እናቶቻችን የጾም ወጣቸውን የሠሩት በእነዚያ ሰዎች እጅ ሥራ ነው። ዱባ ወጥ ይዞ ወደ ታንክስጊቪንግ ገበታ የሚመጣ ሰው እንግዳ ምግብ ይዞ አልመጣም፤ እንዲያውም ቀድሞ ሊመሰገን የሚገባውን ሰው የሚያስታውስ ምግብ ነው የያዘው። ይህን በተከታዩ ዓመት ለአክስቴ ልጅ ነገርኳት። ትሪው ላይ ያለውን አንድ በአንድ እየጠቆመች «ይሄስ?» ትለኝ ጀመር። ምስርና ጎመን ላይ ስትደርስ እነሱ ከዚህ አይደሉም አልኳት፤ ትንሽ ቅር አላት።

በ2021 ዓ.ም. ታንክስጊቪንግ ኅዳር 14 ይውላል፣ የጾሙ ዋዜማ፣ ቅበላ። አክስቴ ከወዲሁ ቆጥራ ይዛዋለች። ልጅቱ ያኔ 10 ዓመት ይሆናታል፤ በማግስቱም ከእናቷ ጋር ጾሙን ትይዛለች። ያን ሐሙስ ማታ ግን ሁለቱም ከተርኪው ይበላሉ።