«ለልማት ነው» የተባለው ቦምብ፦ የአንድ መንደርና የሁለት ምሁራን ታሪክ



አገር ቤት ጂኦሎጂ በማስተምርበት ዘመን ለተማሪዎቼ በአድናቆት የማሳየው አንድ ፎቶግራፍ ነበረኝ። በአሜሪካ ኔቫዳ በረሃ ውስጥ የሚገኝ ሴዳን የተባለ ግዙፍ ጉድጓድ ነው። ጁላይ 6 ቀን 1962 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) 104 ኪሎ ቶን ጉልበት ያለው ቦምብ ከመሬት በታች 194 ሜትር ላይ ፈነዳ። 12 ሚሊዮን ቶን ያህል አፈርና አለት በቅጽበት ተነሥቶ 390 ሜትር ስፋት፣ 100 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቀረ። «ይህ በዶማና በአካፋ ቢሆን ስንት ዓመት ይፈጅ ነበር?» እያልኩ እጠይቃቸው ነበር።

አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ዶክተር፣ አፈሩ ወዴት ሄደ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። መልስ ግን አልሰጠሁትም። እውነቱን ለመናገር መልሱን አላውቀውም ነበር። ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በስደት አገር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ተማሪ የዘገየ መልስ ነው።

ለመሆኑ ነገሩ ምን ነበር?

በ1957 የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን አንድ ፕሮግራም አቋቋመ። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፍ ተቀጥቅጦ ማረሻ ስለሚሆንበት ዘመን ከተናገረው ትንቢት ወስዶም «ማረሻ» የሚል ስም ሰጠው። ሐሳቡ ሲታይ ቀላል ነው። ቦምብ በተመጠነ ጥልቀት ከተቀበረ ፍንዳታው ከላዩ ያለውን መሬት አንሥቶ ወደ ጎን ይበትነዋል፤ ጉድጓድ ይቀራል። ብዙ ቦምብ በመስመር ተደርድሮ በአንድ ጊዜ ቢፈነዳ ደግሞ ቦይ ይሆናል። በዚህ ስሌት የፓናማን ቦይ የሚተካ ሌላ ቦይ ታቀደ። በካሊፎርኒያ ሞሐቪ በረሃ ተራራውን በ22 ቦምብ ሰንጥቆ ባቡርና መኪና ለማሳለፍ ታሰበ። በ1970ዎቹም አንድ ጀርመናዊ መሐንዲስ የሜዲትራንያንን ውኃ ወደ ግብፅ የቃታራ ረባዳ ምድር ለማስገባት ከ200 በላይ ቦምቦች ይበቃሉ ብሎ ነበር።

የእነዚህ ሁሉ በኩር ግን «ቻሪየት» የተባለው ፕሮጀክት ነው። በጁላይ 1958 የሃይድሮጂን ቦምብ አባት የሚባለው ዶ/ር ኤድዋርድ ቴለር አላስካ ድረስ ሄዶ በሰሜን ምዕራብ ጠረፍ፣ በኬፕ ቶምፕሰን አካባቢ፣ በቦምብ ወደብ እንደሚቆፈር አበሰረ። የመጀመሪያው ዕቅድ 2.4 ሜጋ ቶን ነበር፤ ሂሮሺማ ላይ ከተጣለው 160 ጊዜ ያህል ማለት ነው። ባሕሩ በዓመት ዘጠኝ ወር ያህል በረዶ ሆኖ ሳለ ወደቡን ማን እንደሚጠቀምበት ጥያቄ ሲነሣ ዕቅዱ ተለወጠ። የቦምቡ መጠን ተቀነሰ፤ ዓላማውም ወደብ መሆኑ ቀርቶ «ሙከራ ነው» ተባለ። ልብ በሉ! ወደብ የቸገረው ሰው አልነበረም። ሥራ ይፈለግለት የነበረው ቦምቡ ነው።

ከቦታው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ፖይንት ሆፕ የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቿ ኢኑፒያት የተባሉ የአካባቢው ነባር ሕዝብ ናቸው፤ ዓሣ ነባሪና ካሪቡ የተባለውን የአጋዘን ዘር እያደኑ ይኖራሉ። አስቀድሞ ያማከራቸው አልነበረም። የመንደሩ ምክር ቤት በ1959 መጨረሻ ላይ በሙሉ ድምፅ ተቃውሞውን ገለጸ። የኮሚሽኑ ባለሥልጣናት መንደሯን የረገጡት ከዚያ በኋላ፣ በማርች 1960 ነው። ዓሣውም አውሬውም ሰውም እንደማይጎዳ አስረዱ። የመንደሩ ሰዎች ግን ስብሰባውን በቴፕ ቀዱት፤ ጥያቄም በጥያቄ ላይ ደራረቡ። በ1961 ደግሞ ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ደብዳቤ ጻፉ።

የድንጋይ ሽበትና የካሪቡ ሥጋ

ኮሚሽኑ ከነቃፊዎቹ ለመገላገል ሲል የአካባቢ ጥናት እንዲካሄድ ፈቀደ። ጥናቱ ግን ያልጠበቀውን ነገር አወጣ። በዚያ ቀዝቃዛ ምድር ካሪቡ ክረምቱን የሚገፋው ሊከን በሚባለው፣ እኛ የድንጋይ ሽበት በምንለው ተክል መሰል ነገር ነው። ሊከን ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከአየር፣ ከዝናብና ከብናኝ ነው። ስለዚህ ከሰማይ የሚወርደውን ሲዚየም 137 እና ስትሮንቲየም 90 እየሰበሰበ ያከማቻል። ካሪቡ ሊከኑን ይበላል፤ ሰው ካሪቡን ይበላል። በዚህም የተነሣ የሌላው ዓለም የቦምብ ሙከራ ብናኝ በአርክቲክ የወረደው በመጠኑ ያነሰ ሆኖ ሳለ በሰዎቹ አካል ውስጥ የተገኘው ግን ከሌላው የበዛ ነበር። በቢሮ ወረቀት ላይ «ኢምንት» የተባለው መጠን በድሀው ማዕድ ላይ ኢምንት አልነበረም።

ይህን ካጠኑት መካከል ዊልያም ፕሩት እና ሌስሊ ቪሬክ የተባሉ ሁለት የአላስካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነበሩ። ቪሬክ በ1960 መጨረሻ በተቃውሞ ከጥናቱ ለቀቀ፤ ዩኒቨርሲቲውም መልሶ አልቀጠረውም። ፕሩት ሪፖርቱ ሲከለስበት አልቀበልም አለ፤ ሥራውን አጣ። በአገሩ ማስተማር ስላልቻለ ወደ ካናዳ ተሰደደ፣ ዕድሜውንም በዚያው በመምህርነት ጨረሰ። እኔም የስንብት ደብዳቤ በእጄ የተሰጠኝ ሰው ነኝና ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። መሰደድ የሚያስከትለው እውነት የትም አገር እንዳለ እስከዚያ ቀን አላሰብኩም ነበር።

በ1962 ኮሚሽኑ ቻሪየትን አቆመ። «ተሰረዘ» ማለት ግን አልወደደም፤ «ለሌላ ጊዜ ተላለፈ» አለ።

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። የሴዳን አፈር ወዴት ሄደ? አብዛኛው እዚያው ዙሪያውን ወደቀ። ብናኙ በነፋስ ተጉዞ ነብራስካና አዮዋ ድረስ ደረሰ። ጥቂቱ ደግሞ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ተጭኖ አላስካ ገባ። ራዲዮአክቲቭ ነገር በውኃና በአፈር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ለመፈተን የመንግሥት ሠራተኞች ኬፕ ቶምፕሰን ላይ ተጠቀሙበት፤ ከዚያም ለመንደሩ ሰዎች ሳይነግሩ እዚያው ቀበሩት። ሕዝቡ ይህን ያወቀው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1992 ነው። አፈሩ ተቆፍሮ የወጣው በ1993 ነበር።

ሚዛናዊ ለመሆን

ሁሉም ከንቱ ነበር ብል ውሸታም እሆናለሁ። ሶቪየት ኅብረት ከ1965 እስከ 1988 ከ120 በላይ እንዲህ ያሉ ፍንዳታዎች አድርጋለች። በ1966 በኡዝቤኪስታን ሦስት ዓመት ያህል የነደደ የጋዝ ጉድጓድ እሳት በ30 ኪሎ ቶን ቦምብ ጠፍቷል፤ ይህ ሠርቷል። ነገር ግን በ1965 በካዛክስታን የተሠራው የቻጋን ሐይቅ ዛሬም «አቶሚክ ሐይቅ» እየተባለ ይጠራል። አሜሪካኖቹም በ1967 በኒው ሜክሲኮ ጋዝ ለማውጣት ቦምብ አፈነዱ፤ ጋዙ ወጣ፣ ነገር ግን ራዲዮአክቲቭ ስለነበረ ለገበያ አልዋለም። «ማረሻ» 27 ሙከራ አድርጎ በ1977 ተዘጋ። በ1996 ለፊርማ የቀረበው የኒውክሌር ሙከራ እገዳ ስምምነት፣ ገና በሥራ ላይ ባይውልም፣ ሰላማዊ የተባለውንም ፍንዳታ ሳይለይ ይከለክላል።

ስሌቱ ላይ ጉድለት ነበረበት። በአንድ ሜትር ኩብ አፈር ስንት ሳንቲም እንደሚወጣ ተቆጥሯል፤ የካሪቡ ሥጋ ግን አልተቆጠረም። የጎደለውን የሞሉት ጥቂት መቶ አዳኞችና እንጀራቸውን ያጡ ምሁራን ናቸው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ በ1993 የአላስካ ዩኒቨርሲቲ ለፕሩትና ለቪሬክ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ቢሆንም ሁለቱም በሕይወት ሳሉ ደርሷል።

«ለልማት ነው» ሲባሉ «ለማን? በማን ላይ?» ብሎ መጠየቅ የልማት ጠላት አያደርግም። ያ ተማሪዬ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ይህን ካነበበ ግን ይቅርታ እንዲያደርግልኝ እለምነዋለሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ትክክለኛውን የሳይንስ ጥያቄ የጠየቀው እሱ ነበር።

ቸር ይግጠመን።