የቴሌስኮፕ መስታወት እስከ ሚዛን ተፈሪ

እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ያቋቋመው ይህ የከዋክብት መመልከቻ ማዕከል በ2007 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁላችንም ያየነው ጉልላቶቹን ነው። መስታወት ግን ጉልላት ሥር ከመቆሙ በፊት በሳጥን ታሽጎ አገር ያቋርጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ሳጥን ነው።

ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናቸው። በበጋ ሰማዩ ሲጠራ የሰሜኑንም የደቡቡንም ከዋክብት ያያሉ፤ አውሮፓ ሆኖ የማይታየውን የደቡብ መስቀል እንኳ። ለትምህርት ቤቶቻቸው አንድ ደህና ቴሌስኮፕ ይገባቸዋል። ችግሩ መንገዱ ነው፤ ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ በኩል ሚዛን 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በዚህ መስመር ጫኝና አውራጅ የለመደው 60 ኪሎ የቡና ጆንያ ነው፤ ጆንያ ደግሞ ቢወረወርም ቡናው አይሰበርም። ስለዚህ «የሚሰበር ዕቃ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። አሻጊው ሳጥኑ እንደሚወድቅ አውቆ ይነሳ።

25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከ1 ሜትር ከፍታ ወድቆ በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ የሚያርፍበት ኃይል የክብደቱ 1,000 እጥፍ፣ ማለትም 30 ኩንታል ይሆናል። በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቀስ ብሎ ቢቆም ግን 20 እጥፍ ብቻ ነው፤ 60 ኪሎ፣ አንድ ጆንያ ቡና። ፎም የሚደረገው ለዚህ ነው። ፎም ሲጫን ውፍረቱ ወደ ግማሽ ስለሚወርድ በሁሉም ጎን 10 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። በጣም ጠንካራ ፎም ምቱን ያሳልፋል፤ በጣም ለስላሳው ደግሞ ተጨፍልቆ መስታወቱን ከእንጨቱ ጋር ያጋጨዋል። አንዱን ሳጥን በሌላው ውስጥ አድርጎ በመካከል ፎም መሙላት ጥሩ ዘዴ ነው።

የቤት መስታወት ብርሃን የሚመልሰው በጀርባው ነው። የቴሌስኮፕ መስታወት ግን በፊቱ ነው፤ ያም ፊት ከሚሊ ሜትር አንድ አሥር ሺኛ ገደማ በሚወፍር አሉሚኒየም የተቀባ ነው። ወረቀትም ላስቲክም ሊነካው አይገባም፤ የመንገዱ ንዝረት ይፍቀዋል። በዳር በዳሩ ብቻ በፎም የተደገፈ ክብ ኮምፔንሳቶ ይከደንበታል። የውጪው ሳጥን በሚስማር ሳይሆን በብሎን ይዘጋ፤ መዶሻ ራሱ ምት ነውና። ከዚያ ሳጥኑን ወዝወዝ ማድረግ ነው፤ ከውስጡ ድምፅ ከተሰማ እንደገና ይታሸግ።

ትልልቆቹም በዚሁ ጥንቃቄ ነው የተጓዙት። በ1936 እ.ኤ.አ. 5 ሜትር ስፋትና 20 ቶን ገደማ ክብደት ያለው የፓሎማር ቴሌስኮፕ መስታወት አሜሪካን በባቡር ሲያቋርጥ በብረት ሣጥን ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ቀን ቀን ብቻ፣ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ነበር።

ደቡብ ምዕራብ ላይ ሌላው ጠላት እርጥበት ነው። መስታወቱ በደረቅ ቀን ከነክዳኑ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይታሸግ፤ ላስቲኩ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ይጨመርበት። ከብርዳማ ስፍራ ተነስቶ ሞቃቷ ቴፒ ሲደርስ ወዲያው ከተከፈተ ፊቱ ላይ ጤዛ ይቋጠራል፤ እስከ ማግስቱ ተዘግቶ ይቆይ።

ከውጭ ለትምህርት ቤት ቴሌስኮፕ ለመላክ የምታስቡ ወገኖች፣ ከመሣሪያው ዋጋ ላይ ለሳጥኑ የሚሆን ቀንሱ። የተቀበላችሁ መምህራንም ሳጥኑን ለማገዶ አትስጡት። የአሉሚኒየሙ ቅብ ከዓመታት በኋላ ይደበዝዛል፤ መስታወቱ እንደገና ለመቀባት በዚያው መንገድ ተመልሶ መሄዱ አይቀርም።