«ኦቫሪ» በእንስሳትና በዕፀዋት፤ አንድ ስም ወይስ ሁለት?

የሥነ ሕይወት መጻሕፍትን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ኦቫሪ» የሚለውን ቃል በሁለት ቦታ ያገኘዋል፤ አንደኛው ስለ ሰውና ስለ እንስሳት፣ ሁለተኛው ስለ አበባ በሚናገረው ምዕራፍ ነው። የምንጩ ቃል አንድ ስለ ሆነ ለሁለቱም «የእንቁላል ዕጢ» ብሎ ቢያልፍ፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ «የእንቁላል ዕጢው ጎምርቶ ፍሬ ይሆናል» ብሎ ለመጻፍ ይገደዳል። አንባቢውም ዕጢ እንዴት ብርቱካን እንደሚሆን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ አካላት በሥራቸው ምን ያህል እንደሚለያዩ አሳይቶ፣ ስያሜያቸውም ሊለይ እንደሚገባ ማስረዳት ነው።

ሀ. የስሙ አመጣጥ

የአውሮፓ ሊቃውንት የሴትን አካል ለረዥም ዘመን «የሴት ቆለጥ» ይሉት ነበር። የዴንማርኩ ተወላጅ ኒኮላስ ስቴኖ በ1667 (እ.ኤ.አ.) አካሉ እንቁላል ያለበት መሆኑን በመገመት፣ እንቁላል ማለት ከሆነው «ኦቩም» ከሚለው የላቲን ቃል ጋር የተዛመደ ስም እንዲሰጠው አሳሰበ። የሆላንዱ ሬይኒር ደ ግራፍ በ1672 በላዩ የሚታዩትን ከረጢቶች ገልጾ ጻፈ፤ ነገር ግን ከረጢቶቹን ራሳቸውን እንቁላል አድርጎ ቈጠራቸው። እውነተኛውን የአጥቢዎች እንቁላል ካርል ኤርንስት ፎን ቤር ያገኘው በ1827 ነው። በሌላ በኩል፣ የስዊድኑ ካርል ሊኔዎስ በ1751 ባሳተመው የዕፀዋት ጥናት መጽሐፍ የአበባውን ክፍል «ጌርሜን» ብሎ በሌላ ስም ይጠራው ነበር። ስለዚህ በአንድ ስም መጥራቱ ኋላ የተስፋፋ ልማድ እንጂ የነገሩ ባሕርይ ያስገደደው አይደለም።

ለ. በእንስሳት

የእንስሳት ኦቫሪ ሁለት ሥራ አለው። እንቁላል ያበስላል፤ ሆርሞን ያመነጫል። ሴት ልጅ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርሱ ያልበሰሉ እንቁላሎች ይኖሯታል፤ ለአካለ መጠን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ ያህል ይቀራሉ፤ በዕድሜዋ ሙሉ በስለው የሚወጡት ግን ከ400 እስከ 500 ቢሆኑ ነው። እንቁላሉ ከኦቫሪው ወጥቶ ይሄዳል፤ ጽንሱም የሚያድገው በማኅፀን ነው። ኦቫሪው በቦታው ይቀራል።

በዶሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው የግራው ኦቫሪ ብቻ ነው። ዶሮ ስትበለት በውስጧ ተሰብስበው የሚታዩት ትልልቅና ትንንሽ ቢጫ ፍሬዎች በዚሁ ላይ ያደጉ ናቸው። ኦቫሪው የሚሰጠው አስኳሉን ብቻ ሲሆን፣ ነጩና ቅርፊቱ የሚጨመሩት አስኳሉ በቧንቧው ሲያልፍ ነው፤ ጉዞው አንድ ቀን ያህል ይወስዳል። ስለዚህ በአማርኛ «እንቁላል» ስንል ሕዋሱንም ቅርፊት ለብሶ የሚጣለውንም ማለታችን መሆኑን ተርጓሚ ልብ ሊለው ይገባል።

ሐ. በዕፀዋት

በአበባ ውስጥ ኦቫሪ የሚባለው የሴቴው ክፍል ያበጠ ግርጌ ነው። በውስጡ ኋላ ዘር የሚሆኑ ረቂቅ ቅንጣቶች ይገኛሉ፤ የእንቁላሉ ሕዋስ ያለው በእነዚህ ውስጥ ነው። ብናኙ በሴቴው ጫፍ ላይ ሲያርፍ ቀጭን ቱቦ አብቅሎ ሁለት የወንዴ ሕዋሳት ያደርሳል፤ አንዱ ከእንቁላሉ ጋር ተዋሕዶ ጽንስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለጽንሱ ስንቅ የሚሆነውን ክፍል ያስገኛል። ይህን ሁለትዮሽ ጽንሰት በ1898 የገለጸው ሩሲያዊው ሰርጌይ ናዋሺን ነው። ከዚያ በኋላ ቅንጣቱ ዘር፣ ኦቫሪው ፍሬ ይሆናል።

የአተር እሸት ከነቅርፊቱ አንድ ኦቫሪ ነው። የቡና ኦቫሪ ሁለት ክፍል ስላለው ፍሬው ሁለት ዘር ይይዛል፤ አንዱ ሳያድግ ሲቀር አንድ ድቡልቡል ዘር ብቻ ይገኛል። በስንዴ የኦቫሪው ግድግዳ ከዘሩ ሽፋን ጋር ስለሚጣበቅ አንዲቷ ቅንጣት ሙሉ ፍሬ ናት። የዱባ ሴቴ አበባ ከወንዴው የሚለየው ከቅጠሎቹ በታች ባለው እብጠት ነው፤ እርሱም ኦቫሪው ነው። ጥድና ዝግባ ግን ዘር እያላቸው ኦቫሪ የላቸውም።

መ. የቀረበ ሐሳብ

እንግዲህ የእንስሳቱ አካል እንቁላሉን አብስሎ ይሰድዳል፤ የአበባው ግን በውስጡ ይዞ አብሮት ይለወጣል። በሥራው ለማኅፀን ይቀርባል፤ ሆኖም «ማኅፀን» በሕዝቡ አነጋገር ብዙ ሸክም ስላለበት ሌላ ቢጨመርበት ግራ ያጋባል። «ቤተ ፍሬ» እንዳይባልም «የዘር ፍሬ» የወንድ አካል ስም ሆኗል። ስለዚህ የሚከተሉት ቀርበዋል፦

1. ለእንስሳት፦ የእንቁላል ዕጢ። «ዕጢ» በተለምዶ የበሽታ እብጠትንም ስለሚያመለክት፣ ለሕሙማን በሚጻፍ ጽሑፍ ማብራሪያ ይጨመርበት።
2. ለዕፀዋት፦ ማኅደረ ዘር። ማኅደር መጽሐፉን ይዞ ይጠብቃል እንጂ አይጽፈውም፤ የአበባውም ክፍል እንዲሁ ነው።
3. በማኅደረ ዘር ውስጥ ላለው ቅንጣት፦ ቅድመ ዘር፤ «ቅድመ ታሪክ» እንደሚባለው።

«ኦቫሪ» እንዳለ ይወሰድ የሚሉ ወገኖች ቃሉ ዓለም አቀፍ መሆኑን ያነሣሉ። ነገር ግን ውሰቱ ችግሩንም አብሮ ያመጣል። በቀረቡት ስሞች ግን «ማኅደረ ዘሩ ጎምርቶ ፍሬ፣ ቅድመ ዘሩም ዘር ይሆናል» ቢባል ተማሪው ያለ ሌላ ማብራሪያ ይረዳዋል።