የሲዲ4 ተቀባይን በሞኖክሎናል አንቲቦዲ መለየት፦ ያልበራ ሕዋስ የለም ማለት ነውን?

መግቢያ

አንድ ጤነኛ ሰው ለምርምር ደም ሰጥቶ ውጤቱ የሲዲ4 ሕዋስ ፈጽሞ እንደሌለው ቢያመለክት የጤና ባለሙያው ምን ሊያስብ ይገባዋል? ጥያቄው የምናብ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ኦኬቲ4 በተባለው አንቲቦዲ ሲመረመሩ ይህን የመሰለ ውጤት የታየባቸው ጤነኛ ሰዎች ተገኝተዋል። ምክንያቱን ለመረዳት አንቲቦዲው የሚለየው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ተቀባዩና አንቲቦዲው

ሲዲ4 በረዳት ቲ ሊምፎሳይቶች ገጽ ላይ በብዛት፣ በሞኖሳይቶች ላይ ደግሞ በመጠኑ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ከሕዋሱ ውጭ ያለው አካሉ ተከታትለው በተያያዙ አራት ክፍሎች የተገነባ ነው። ኤች አይ ቪ የሚጣበቀው ጫፍ ላይ በሚገኘው በመጀመሪያው ክፍል ሲሆን፣ ሲዲ4 የቫይረሱ ተቀባይ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1984 ታውቋል።

ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ከአንድ ሕዋስ በተባዙ ሕዋሳት ስለሚመረት ሞለኪውሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ዘዴውን ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን እ.ኤ.አ. በ1975 በካምብሪጅ አስተዋወቁ። ኦኬቲ4 በ1979 ይፋ ከሆኑት ቀደምት አንቲቦዲዎች አንዱ ነው። አንቲቦዲው በሌዘር ብርሃን ሲመታ ከሚያበራ ቀለም ጋር ይጣመራል፤ ፍሎ ሳይቶሜትር የተባለው መሣሪያም ሕዋሳቱን አንድ በአንድ እያሳለፈ የበሩትን ይቆጥራል።

የስሕተቱ ምንጭ

አንቲቦዲው ፕሮቲኑን በሙሉ አይዝም፤ የሚያርፈው ኤፒቶፕ በተባለ ጠባብ ሥፍራ ላይ ብቻ ነው። የኦኬቲ4 ኤፒቶፕ የሚገኘው በሦስተኛው ክፍል ነው። በአንዳንድ ሰዎች፣ በተለይም በአፍሪካዊ ዝርያ ባላቸውና በጃፓናውያን ላይ እንደታየው፣ በዚህ ክፍል አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ በትሪፕቶፋን ተተክቷል። ለውጡን ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ ሰው ሕዋሳት በኦኬቲ4 አይበሩም፤ ከአንዱ ብቻ የወረሰ ሰው ሕዋሳት ደግሞ ደብዝዘው ይበራሉ። በመጀመሪያው ክፍል ላይ በሚያርፈው ሊዩ-3ኤ ሲመረመሩ ግን ሕዋሳቱ ሳይጓደሉ ይታያሉ። የጎደለው ሕዋሱ ሳይሆን የአንቲቦዲው ማረፊያ ነው ማለት ነው።

በሥራ ላይ ምን ይደረግ?

በምርምር ዘገባ ውስጥ «ፀረ ሲዲ4 አንቲቦዲ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ የክሎኑ ስም ሊጠቀስ ይገባል። ሞኖሳይቶች እንዳይቆጠሩ ከሲዲ4 ጋር ሲዲ3ን አብሮ መለየት ያስፈልጋል። የሲዲ4ና የሲዲ8 ቲ ሕዋሳት ድምር ከጠቅላላው የሲዲ3 ቁጥር ጋር ተቀራራቢ መሆኑም ይመርመር። ሲዲ3 በቂ ሆኖ ሳለ ድምሩ እጅግ ካነሰ፣ ምርመራውን በሌላ ኤፒቶፕ ላይ በሚያርፍ ክሎን መድገም ተገቢ ነው።

ማጠቃለያ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ሁሉ የሲዲ4 ቁጥሩ ሳይጠበቅ ሕክምና እንዲጀምር ቢመክርም፣ በአዋቂዎች ከ200 በታች የሆነ ቁጥር ዛሬም የከፋ የበሽታ ደረጃ መለያ ነው። ስለዚህ የማይታመን ቁጥር ሲያጋጥም፣ በታካሚው ላይ ከመፍረድ በፊት አንቲቦዲውን መጠየቅ ይቀድማል።