የጨርቋ እናት ስትወልድ



ልጅ "ሕፃኑን ከየት አመጣችሁት?" ብሎ ሲጠይቅ የብዙዎቻችን መልስ የታወቀ ነው። "ከሆስፒታል ገዛነው" ወይም "ከወንዝ አገኘነው" እንላለን። እኛም ያደግነው በዚሁ ነው። አገር ቤት ጓዳ አለ፣ ጎረቤት ቤት የሚላክ ልጅ አለ፣ መልሱ ለጊዜው ያዘልቃል። እዚህ ካኩማ ግን የብዙው ሰው ቤት አንዲት ክፍል ናት። ምጥ ሲመጣ ልጁ ከመጋረጃው ማዶ ሆኖ ሁሉን ይሰማል። የእናቱን ጣር ሰምቶ ያደረን ልጅ "ገዛነው" ብንለው ዝም ይለናል እንጂ አያምነንም። ፍርሃቱም እዚያው ውስጡ ይቀራል። "እናቴ የምትሞት መስሎኝ ነበር" ያለኝ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አለ። ታዲያ ለዚህ ልጅ ምን ብለን እናስረዳው?

በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ደጋግመው የሚነግሩን ነገር ነበር፤ መርጃ መሣሪያ የግድ ከሱቅ አይገዛም፣ ከአካባቢ ከተገኘ ነገር ይሠራል። እኛም ከልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ለምነን፣ መርፌና ክር ይዘን የጨርቅ እናት ከነሕፃኗ ሰፋን። አሠራሩ ቀላል ስለሆነ እናንተም ሞክሩት።

እናቲቱ ቁመቷ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ትሁን። ቡናማ ጨርቅ ቆርጣችሁ ውስጧን በእራፊ ሙሉት፤ ሆዷን ግን ባዶ ተዉት። ለማህፀን አሮጌ የአዋቂ ካልሲ ፈልጉ። የካልሲው አፍ ላስቲክ ስላለው የማህፀን በር ይሆናል፤ ወደ ታች አድርጋችሁ በእግሮቿ መካከል ካለው ክፍተት ጋር ስፉት። ሕፃኑን 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ አድርጋችሁ ስፉና ጭንቅላቱን ጠንከር አድርጋችሁ ሙሉት፤ መንገድ የሚከፍተው እሱ ነውና። ለእትብት ክር ጎንጉኑ። የእውነተኛው እትብት ርዝመት 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ከሕፃኑ ቁመት ጋር ይቀራረባል፤ ስለዚህ ክሩን በአሻንጉሊቱ ልክ ቁረጡት። በአንዱ ጫፍ የሕፃኑ እምብርት ላይ በቁልፍ ይያዛል፣ በሌላው ጫፍ ከቀይ ክብ ጨርቅ ጋር ይሰፋል። ይህ ክብ ጨርቅ የእንግዴ ልጅ ነው። በመጨረሻ እናቲቱን ኪቴንጌ አልብሷት፤ ያላት ክብር ከልብሷ ይጀምራል።

"ይሄ የልጅ ጨዋታ አይደለም ወይ?" የሚል ካለ ይህን ይስማ። በፈረንሳይ አገር አንጀሊክ ዱ ኩድሬ የምትባል አዋላጅ ከጨርቅና ከቆዳ የተሰፋ የወላድ አካል ሠርታ ነበር። በ1759 እ.ኤ.አ. ንጉሥ 15ኛ ሉዊስ ፈቃድ ሰጣት፤ እስከ 1783 ድረስም በየክፍለ ሀገሩ እየዞረች ብዙ የገጠር ሴቶችን በዚያ አሻንጉሊት ማዋለድ አስተማረች። ከሠራቻቸው አንዱ ዛሬም ሩዋን ከተማ በሚገኝ ሙዚየም ተቀምጧል። ማንበብ ለማይችል ሰው እጅ የነካው ነገር ከመጽሐፍ ይበልጣል። ለሕፃናትም እንደዚያው ነው።

ትምህርቱ ሲጀመር ሕፃኑ ጭንቅላቱ ወደ ታች ሆኖ ካልሲው ውስጥ ነው። እርግዝና 40 ሳምንት ያህል እንደሚቆይ ይነገራቸዋል። ከዚያ ምጥ ሲመጣ ማህፀን እንደ ጡጫ እየጠበቀ እየላላ እንደሚገፋ፣ በሩም ቀስ በቀስ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር እንደሚከፈት በካልሲው ያዩታል። እናት የምትጮኸው ሥራው ከባድ ስለሆነ ነው፤ ጩኸት ሁሉ ሞት አይደለም። ሕፃኑ ሲወጣ ሴቶቹ ልጆች ሳይታዘዙ እልል ይላሉ! ወዲያው ሕፃኑ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግና እናቱ ደረት ላይ ይደረጋል። እትብቱ የሚቆረጠው ሕፃኑ ደህና ከሆነ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ተጠብቆ ነው፤ ቅቤም እበትም አይቀባም። ጡት በመጀመሪያው 1 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ቢጫው እንገር አይታለብም፣ አይደፋም፤ ለሕፃኑ መከላከያው ነው። እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ውሃም ቅቤም አያስፈልገውም።

አንዳንድ ወላጆች "ነውር ነው፣ የልጅ ዓይን ትከፍታላችሁ" ብለውናል። ስጋታቸውን አንንቅም። ለዚህ ነው አሻንጉሊቷን ከልጆቹ በፊት ለወላጆችና ለሽማግሌዎች የምናሳየው። ትንንሾቹ "እንዴት ገባ?" ሲሉ "ከአባትና ከእናት ዘር ይጀምራል" ብለን እናቆማለን፤ የቀረው በዕድሜው ይመጣል። ግን አንድ ነገር አስቡ። የአካሉን ስም በወጉ የማያውቅ ልጅ፣ ክፉ ሰው ቢነካው በምን ቃል ይናገራል? ነውር የምንለው ዝምታ የሚጠቅመው በዳዩን ነው።

ሌላም አለ። አባት ለሥራ ርቆ፣ እናት በሌሊት ምጥ ቢይዛት ቤት ውስጥ ያለው ሰው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለከፍ ያሉት እነዚህን ምልክቶች እናስጠናቸዋለን፦ ብዙ ደም፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ መንፈራገጥ፣ ትኩሳት፣ ምጥ ሳይጀምር የእንሽርት ውሃ መፍሰስ። ከነዚህ አንዱን ያየ ልጅ "ይነጋል" ብሎ አይተኛም። ጎረቤት ይቀሰቅሳል፣ አምቡላንስ ያስጠራል፤ ካልሆነም ትልልቆቹ የሚያውቁትን ቦዳቦዳ ያስመጣል። ወንዶቹም መስፋቱንም ምልክቱንም እኩል ይማራሉ፤ ነገ አባት ናቸውና።

አንድ ቀን እትብቱን ይዤ "እትብታችን የተቀበረበት" የምንለው አገራችንን ነው ብዬ ሳስረዳ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ የኔስ እዚህ አሸዋው ውስጥ ነው፤ ታዲያ አገሬ የት ነው?" አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ካኩማ ካምፕ ከተቋቋመበት ከ1992 እ.ኤ.አ. ወዲህ የብዙ ልጆቻችን እትብት በቱርካና አሸዋ ነው የተቀበረው። "አገርሽ ሁለት ነው፤ አንዱን እናትሽ ትነግርሻለች፣ አንዱን አንቺ ትነግሪያታለሽ" አልኳት። ከዚህ የተሻለ መልስ ያለው ወላጅ ካለ ለልጁ ይንገር፤ ብቻ ዝም አይበል።

እራፊ ጨርቅ፣ ነጠላ የቀረ ካልሲ፣ የወለቀ ቁልፍ ቤታችሁ ካለ አትጣሉት። ወደ ትምህርት ቤት ላኩልን፤ ሁለተኛዋን እናት እየሰፋን ነው።

ቸር ይግጠመን!