ያለ ደመወዝ የሚያለፋው ምንድን ነው? በጎ ፈቃድ በየዕድሜው

በከተራ ዕለት ታቦታት ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ከፊት ከፊት እየሮጡ ምንጣፍ የሚያነጥፉት፣ መንገድ የሚጠርጉትና ሕዝቡን የሚያስተናብሩት በአብዛኛው የየሰፈሩ ወጣቶች ናቸው። ታቦቱ ያለፈበትን ምንጣፍ ጠቅልለው ይሸከሙና እንደገና ከፊት ያነጥፉታል፤ እስከ ማደሪያው ድረስ እንዲሁ። በዚያው ሰፈር ለቅሶ ሲሆን ደግሞ ድንኳን የሚተክሉት፣ ወንበር የሚያመላልሱትና ወጥ የሚሠሩት ልጅ የሚያሳድጉ፣ ቤት የሚያስተዳድሩ ጎልማሶች ናቸው። የእድሩን መዝገብ የሚይዙትና በዳኝነት የሚመሩት ብዙ ጊዜ አዛውንት ናቸው። የሃያ ዓመቱን ወጣትና የሰባ ዓመቱን ሽማግሌ ከቤታቸው የሚያስወጣቸው አንድ ነገር ነው ወይስ የተለያየ?

ጥያቄው የስነ ልቦና ተመራማሪዎችን ለአሥርተ ዓመታት ሲያነጋግር ኖሯል። ጊል ክላሪ፣ ማርክ ስናይደርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ ባሳተሙት ጥናት በጎ ፈቃደኞችን የሚያነሳሱ ስድስት ምክንያቶችን ለይተው የሚለኩበት መጠይቅ አቀረቡ። ሰው መርዳት ተገቢ ነው የሚል ጽኑ እምነት አንዱ ነው። አዲስ ነገር የመማር ፍላጎት፣ ለወደፊት ሥራ የሚጠቅም ልምድ ማግኘት፣ ወዳጅ ዘመድ ከሚያከብረው ነገር ላይ አብሮ መገኘት፣ ከራስ ጭንቀትና ብቸኝነት መሸሽ፣ ለራስ ያለን ግምት ከፍ ማድረግ የቀሩት ናቸው። አንድ ሰው ሁለቱን ሦስቱን በአንድ ጊዜ ይዞ ሊነሳ ይችላል። ትልቁ ግኝታቸው ግን ሰው በአገልግሎቱ የሚረካውና የሚዘልቀው ሥራው የተነሳበትን ፍላጎት ሲመልስለት ነው የሚለው ነው። ለመማር የመጣን ልጅ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሲያስደረድሩት ቢውሉ፣ ሰው ናፍቋቸው የመጡ እናትን ብቻቸውን ጓዳ ቢያስቀምጧቸው፣ በሚቀጥለው ሳምንት አለመምጣታቸው ሊያስገርም አይገባም።

ዕድሜ እዚህ ላይ ምን ይለውጣል? ሞሪስ ኦኩንና ኤሚ ሹልዝ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ለድሆች ቤት በሚሠራው ሀቢታት ፎር ሂውማኒቲ ውስጥ የሚያገለግሉ 523 በጎ ፈቃደኞችን በዚሁ መጠይቅ ጠየቁ። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ለሥራ ልምድና ለትምህርት ብሎ ማገልገል እየቀነሰ ሄደ፤ ከወዳጅ ዘመድ ጋር ለመሳተፍ ብሎ ማገልገል ደግሞ ጨመረ። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ከዕድሜ ጋር ያልተለወጠው ነው። ሰው መርዳት ይገባል የሚለው እምነት በወጣቱም በአዛውንቱም ዘንድ ልዩነት አልታየበትም። ስለዚህ «የዛሬ ልጆች ለሰው አያስቡም» የሚለው የተለመደ ወቀሳ ቢያንስ በዚህ ጥናት ድጋፍ አላገኘም።

ለውጡን ከሚያብራሩት ሐሳቦች መካከል ጠንካራው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ የሎራ ካርስተንሰን ነው። እንደ እርሷ አስተያየት ምርጫችንን የሚመራው የኖርነው ዘመን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከፊታችን ያለው ጊዜ ረጅም ወይም አጭር መስሎ መታየቱ ነው። ጊዜው ሰፊ የሚመስለው ሰው ነገ የሚጠቅመውን ዕውቀትና ትውውቅ ያከማቻል፤ ጊዜው እያጠረ የሚመስለው ደግሞ ዛሬ ልቡን የሚያሞቀውን ይመርጣል። ካርስተንሰንና ባልደረቦቿ ሰዎችን ግማሽ ሰዓት ነፃ ጊዜ ቢኖራችሁ ከቅርብ ዘመድ፣ አሁን ካነበባችሁት መጽሐፍ ደራሲ ወይም ገና እየተዋወቃችሁት ካለ ሰው ከማን ጋር ታሳልፉታላችሁ ብለው ጠየቁ። አረጋውያኑ በብዛት ዘመድን መረጡ፤ የወጣቶቹ ምርጫ የተከፋፈለ ነበር። ከዚያ በኋላ ጊዜውን በሐሳብ ቀየሩት። ወጣቶቹ ብቻቸውን ወደ ሩቅ ቦታ ሊሄዱ ነው ሲባሉ እንደ አረጋውያኑ ወደ ዘመድ አዘነበሉ። አረጋውያኑ ደግሞ ሕክምና ተራቅቆ ሃያ ዓመት ተጨመረላችሁ ሲባሉ ምርጫቸው የወጣት ሆነ።

ይህ ከታወቀ በወጣቶች ላይ የምንሰነዝረው አንድ ወቀሳ ያሳዝናል። በክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚሳተፍ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ለሰርተፍኬት ብሎ ነው» ይባላል። ቢሆንስ? ከፊቱ ረጅም ዘመን ያለው፣ ሥራ ፈላጊ የሆነ ወጣት የሥራ ልምድ መፈለጉ የዕድሜው ጠባይ ነው፤ ሕፃናትን የማስተማር ፍላጎቱንም ከንቱ አያደርገውም። ደግሞም ጥቅሙ ከወረቀት ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ የካናዳ ጥናት 106 የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ለሁለት ወር በየሳምንቱ የአንደኛ ደረጃ ሕፃናትን አገለገሉ፤ የቀሩት ተራቸውን ጠበቁ። ያገለገሉት በኮሌስትሮል፣ በክብደትና በሰውነት ብግነት ምልክቶች ካልጀመሩት የተሻሉ ሆነው ተገኙ። በይበልጥ የተለወጡት ለሌላው የመራራት ስሜታቸው የጨመረው ልጆች ነበሩ።

ወጣትን የሚያበላሸው ሌላ ነገር ነው። ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙትን ሙከራ የወጣት ማኅበራት መሪዎች ሁሉ ቢያውቁት ደስ ይለኛል። እስራኤል ውስጥ ቤት ለቤት እየዞሩ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚያሰባስቡ 180 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ስለ ሥራው ጠቃሚነት ብቻ ተነገረው፤ ሁለተኛው ካሰባሰበው 1 በመቶ፣ ሦስተኛው 10 በመቶ እንደሚታሰብለት ቃል ተገባለት። ክፍያው የሚመጣው ከተመራማሪዎቹ ኪስ ስለነበር ከተሰበሰበው ላይ የሚቀነስ አልነበረም። ከሁሉ የበለጠ ያሰባሰቡት ምንም ያልተከፈላቸው ሆኑ። ከሁሉ ያነሰ ያመጡት 1 በመቶ ቃል የተገባላቸው ናቸው። ትንሽ ገንዘብ ሲገባበት ሥራው ከክብር ወደ ቀን ሥራ ይወርዳል፤ ልጁም ልፋቱን በሒሳብ መመዘን ይጀምራል። ግዴታም እንዲሁ ጉዳት አለው። አርተር ስቱካስ፣ ስናይደርና ክላሪ እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳዩት ድሮም የማገልገል ዝንባሌ ያልነበራቸው ተማሪዎች በግዴታ ሲሰማሩ ወደፊት በፈቃዳቸው የማገልገል ሐሳባቸው ምርጫ ከተሰጣቸው እኩዮቻቸው ያነሰ ሆነ። ስም እየተጠራ፣ የቀረ እየተመዘገበ የሚካሄድ ዘመቻ ችግኝ ሊያስተክል ይችላል። በጎ ፈቃደኛ ግን አያፈራም።

ስለ ጎልማሶች ብዙ ማለት አያስፈልግም። የአሜሪካ መንግሥት ስለ 2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው አኃዝ በበጎ ፈቃድ የተሳተፉት ከ35 እስከ 44 ዓመት ካሉት 28.9 በመቶ ሲሆኑ ከ20 እስከ 24 ካሉት ግን 18.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በዚህ ዕድሜ ሰው ልጅ ትምህርት ቤት ያስገባል፣ ከጎረቤት ጋር ይተሳሰራል፣ እድር ይገባል። ጊዜ ስለተረፈው አይደለም የሚያገለግለው፤ በብዙ በኩል ስለታሰረና በየበኩሉ የሚጠይቀው ሰው ስላለ ነው።

አረጋውያንን በተመለከተ ያለው ማስረጃ ግን ሰፋ አድርጎ መንገር የሚገባ ነው። የስነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን ሰው ከጉልምስና ጀምሮ ለመጪው ትውልድ የሚተርፍ ነገር ለማቆየት እንደሚናፍቅ፣ ይህን ካላገኘም በውስጡ እንደሚደርቅ አስተምሯል። ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቿ በባልቲሞር ከተማ ይህን ሐሳብ ወደ ተግባር ለወጡት። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን በሳምንት ለ15 ሰዓት በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሰማርተው ሕፃናትን ማንበብ እንዲያግዙ፣ ቤተ መጻሕፍት እንዲያደራጁ አደረጉ። ጤነኛ ሰው ድሮም ለማገልገል ስለሚቀለው ጥቅሙ ከአገልግሎቱ ይሁን ከቀድሞ ጤንነቱ መለየት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ከ700 በላይ ሰዎችን በዕጣ ከፋፍለው አነጻጸሩ። ከእነዚህ መካከል 111ዱ በኤምአርአይ መሣሪያ አንጎላቸው ተለካ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ባላገለገሉት ወንዶች ላይ እንደ ዕድሜያቸው አንጎላቸው ሲሳሳ፣ ባገለገሉት ወንዶች ላይ ግን ለትውስታ ወሳኝ የሆነውን ሂፖካምፐስን ጨምሮ መጠኑ ከፍ ብሎ ታየ። በሴቶቹ ላይ ለውጡ አነስ ያለ ነበር። የተለኩት ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ ውጤቱን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። ቢሆንም በእግር መሄድ፣ ሰው ማናገር፣ የልጅ ጥያቄ መመለስና ዕቅድ ማስታወስ በአንድ ላይ ሲመጡ አንጎል ሥራ እንደማይፈታ ለመረዳት አይከብድም።

የሚያገለግሉበት ዓላማም ለውጥ ያመጣል። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1957 ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱ ከ10,000 በላይ ተማሪዎች ሕይወታቸው ለአሥርተ ዓመታት ሲጠና ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 ለምን እንደሚያገለግሉ ከተናገሩት መካከል ለሌላው ብለው የሚያገለግሉት በቀጣዮቹ አራት ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ከማያገለግሉት ያነሰ ሆነ። በዋናነት ለራሳቸው ጥቅም ሲሉ የሚያገለግሉት ግን ካላገለገሉት አልተለዩም። ለወጣቱ ተገቢ የሆነው ምክንያት ለአዛውንቱ ያንኑ ፍሬ ላያፈራ ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ እድር የምትመሩ፣ ትምህርት ቤት የምታስተዳድሩ፣ የወላጅና መምህራን ኅብረት ውስጥ ያላችሁ ሁሉ አንድ ነገር አድርጉ። በሰፈራችሁ በ60 ዓመታቸው ጡረታ የወጡ መምህራን፣ ነርሶችና ሒሳብ ሠራተኞች አሉ። ብዙዎቹ ሳይሰለቻቸው ሳይደክማቸው፣ የሚጠይቃቸው ስላጡ ብቻ ከቤት ውለዋል። ማስታወቂያ መለጠፍ አይበቃም፤ ቤታቸው ሂዱና በስማቸው ጠርታችሁ ጠይቋቸው፣ ከሚያውቁት ሰው ጋርም አብረው እንዲሠሩ አድርጉ። ወጣቱን ደግሞ ሳትከፍሉትና ሳታስገድዱት የሚማርበትን፣ ኃላፊነት ያለበትን ሥራ ስጡት። መስከረም ላይ ማንበብ የሚያስቸግረው ልጅ የሌለበት አንደኛ ክፍል የለምና ከዚያ መጀመር ይቻላል።